ሞተሩ ሳይጠፋ የተተወ ተሽከርካሪ፦ ኃላፊው ማን ነው?



ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ ቆቦ ላይ ያደግን ሰዎች አንድ ድምፅ እናውቃለን፤ ሾፌሩ አጠገቡ የሌለ የአይሱዙ ሞተር ድምፅ። ሾፌሩ ሻይ ይጠጣል፣ ረዳቱ ጤፍ ያስጭናል፣ ሞተሩ ግን ይሠራል። ይህ ከግዴለሽነት ብቻ የመጣ አይደለም። ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው አልሠራ ብሏል፤ አንዴ ከጠፋ በራያ ሐሩር የሚገፋ ሰው መለመን ይመጣል።

በልጅነቴ እንዲህ በቆመ መኪና ላይ አንድ እኩያዬ ወጣ። ሾፌር ሲያደርግ እንዳየው ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ አስገባ። መኪናው ወደ ፊት ዘሎ የማሽላ ሸክሟን አውርዳ ያረፈችን ሴት እግር ሰበረ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሾፌሩ «እኔ አልነዳሁም» አለ፤ የልጁ አባት የሚከፍለው አልነበረውም። ሴትየዋ ለመታከሚያ በሬዋን ሸጠች።

«እኔ አልነዳሁም» በሕግ ፊት መልስ ይሆናልን? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን፣ መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ላደረሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። አንቀጽ 2086 ደግሞ «ጥፋት የለብኝም» የሚለውን መከላከያ አይቀበልም። ስለዚህ ሴትየዋ ባለቤቱን ከሳ ካሣ ማግኘት ትችል ነበር፤ የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

አከራካሪው ጉዳይ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ይኸው አንቀጽ 2081፣ ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበረ ያስረዳን ባለቤት ከኃላፊነት ነጻ ያወጣል። ታዲያ ሞተሩ እየሠራ፣ በሩ ተከፍቶ የተተወ መኪና ተሰርቆ ሰው ቢገጭስ?

በእኔ እምነት ይህ ድንጋጌ ነጻ የሚያወጣው ያለ ጥፋት ከሚመጣው ኃላፊነት ብቻ ነው። በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ እንዲክስ የሚያዝዘው አንቀጽ 2028 እንደ ጸና ነው፤ አሠሪም ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት በአንቀጽ 2130 ይጠየቃል። «የሌባው ድርጊት የሾፌሩን ጥፋት ከጉዳቱ ይለየዋል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሞተር አጥፍቶ ቁልፍ ነቅሎ መሄድ የሚያስፈልገው ሌላ ሰው እንዳይነዳው አይደለምን? የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አንቀጽ 23፣ ሾፌር ተሽከርካሪውን ትቶ ሲሄድ አደጋን ብቻ ሳይሆን ያልተፈቀደለት ሰው እንዳይጠቀምበትም እንዲጠነቀቅ ያዝዛል። አስቀድሞ የታሰበ አደጋ ደግሞ ድንገተኛ ሊባል አይገባውም።

በመጨረሻም፣ ቅጣቱን በሾፌሩ ላይ ብቻ ብንጥል ፍትሕ ይጎድላል። ሞተሪኖውን ሳያሠራ መኪናውን ለሥራ የሚያሰማራው ባለቤት፣ ሾፌሩ ሞተሩን እንዳያጠፋ አስቀድሞ ወስኖበታል። የዚያች ሴት በሬ ዋጋ ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር መመዘን የነበረበት ያኔ ነው።