የኮርቻ ቅርጽ ለልጆች

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኮርቻ ነው። የፈረስ ወሬ አይደለም፤ የሒሳብ ትምህርት ነው።

ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ «እማዬ፣ ይኼ ጎባጣ ቅርጽ ምንድን ነው?» ሲል፣ ብዙዎቻችን «እኔ መች ተማርኩና!» እንላለን። ልጁም ዝም ይላል። ሁለተኛ አይጠይቅም። ቅርጹ ግን እዚያው ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ኮርቻውን አውርዱት። ልጁ በመዳፉ ከፊት ወደ ኋላ ይዳስሰው። እጁ ወርዶ ይወጣል። አሁን ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይዳስሰው። እጁ ወጥቶ ይወርዳል። እንግዲህ ጋላቢው የሚቀመጥባት ያቺ አንዲት ቦታ፣ በአንድ በኩል ሲሄዱባት ዝቅ ያለች፣ በሌላ በኩል ሲሄዱባት ከፍ ያለች ናት። ይህን በሰሌዳ ሥሎ ማስረዳት ያስቸግራል፤ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ነዋ! እጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል። የሒሳብ ሊቃውንትም ይህን ቅርጽ የሚጠሩት በኮርቻ ስም ነው።

ኮርቻ የሌላችሁስ? ስፌት አለላችሁ። እናቶች ይህን ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ሰፌድ ሲሰፋ እያንዳንዱ ዙር ከፊተኛው መርዘም አለበት። የሣሩ እስር ውፍረት 1 ጣት ቢሆን፣ ዙሩ በየጊዜው ከ6 ጣት ጥቂት በለጥ ብሎ ይጨምራል። ያን ጊዜ ሰፌዱ ዝርግ ይሆናል። ዙሩን ካሳጠራችሁት ይጎደጉድና እንደ ሙዳይ ይሆናል። ካስረዘማችሁትስ? ጠርዙ ቦታ ያጣል፤ እዚህ ከፍ፣ እዚያ ዝቅ ይላል። መሀሉም ኮርቻ ይሆናል። ባለሙያ ሴት «ተበላሸ» ብላ በወስፌዋ ትፈታዋለች።

የሒሳብ ሰው ግን ይህንኑ ይፈልጋል። ዳይና ታይሚና የተባሉ የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ መምህርት፣ በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አሜሪካ በሚገኘው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ይህን የመሰለ ቅርጽ በኪሮሽ ሠሩ፤ ሆን ብለው በየዙሩ ክር እየጨመሩ። ከዚያ በፊት በወረቀት ይሠራ ነበር፤ ወረቀት ደግሞ ቶሎ ይቀደዳል።

አሁን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ኮርቻው መሀሉ ክፍት ከሆነ ቆዳ ወጠር አድርጋችሁ አልብሱት። አንዲት ክብ አተር መሀሉ ላይ ያዙ። ከመልቀቃችሁ በፊት ወዴት እንደምትንከባለል ልጁ ይናገር። ወደ ፊት ብትገፏት ተመልሳ ትመጣለች። ወደ ጎን ከሄደች ግን መሬት ላይ ነው የምትፈልጓት። ከዚያ ከልጁ ጋር ሆናችሁ እነዚህን ሦስት ቃላት በደብተር ጻፉ፦ ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ ኮርቻ።