ቀልዱ በማን ላይ ነው?

(በክረምት ዕረፍት ዘመሮ ላይ ለተሰበሰቡ የአካባቢው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)




በራዲዮ ስለሚነገር የዘር ቀልድ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ አንድ ጓደኛዬ «ለመሆኑ ቀልድም የስብሰባ ጉዳይ ሆነ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ገብሱ በውርጭ በሚመታበት፤ ተማሪውም ዲግሪውን ይዞ ሥራ በሚያጣበት አገር ስለ ቀልድ መከራከር ሥራ ፈትነት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ቀልድን ከቁም ነገር የምቆጥረው፤ በግልጽ ቢነገር ማንም የማይቀበለው ንቀት በቀልድ ተጠቅልሎ ሲመጣ በየቤቱ እየተሣቀለት የሚገባ ስለሆነ ነው። አንድ የፖለቲካ ተናጋሪ ማይክሮፎን ይዞ «የዚህ ነገድ ሰው አእምሮ የለውም» ቢል ቁጣ ይነሣበታል። ይህንኑ በተሰባበረ አነጋገር አስመስሎ ቢያቀርበው ግን ይጨበጨብለታል። የሚቀየም ሰው ቢገኝም «ቀልድ አይገባህም ወይ?» ይባላል። እንግዲህ ተሰዳቢው ሁለት ጊዜ ይሸነፋል፤ አንደኛ በስድቡ፤ ሁለተኛ ጨዋታ የማያውቅ ደረቅ ሰው በመባሉ።

ዶናልድ ሌቪን የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር እዚህ መንዝ ድረስ መጥተው ካጠኑ በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል። ሁለት ፍች ያለው ንግግር በሕዝባችን ኑሮ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንዳለው ያስረዱበት መጽሐፍ ነው። የዘር ቀልድም አሠራሩ እንደዚሁ ነው። ላይ ላዩ ሣቅ ነው፤ ውስጡ ንቀት ነው። ተናጋሪው ሲጠየቅ ላይ ላዩን ያሳያል፤ ሰሚው ግን ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው የውስጡን ነው።

ከዚህ ደጋ ወጥቶ ከተማ የገባ ሰው ስለ ባናው፤ ስለ አነጋገሩ፤ ስለ ርስት ክርክሩና ስለ ግትርነቱ የሚነገረውን ቀልድ ያውቀዋል። ሲነገርም ቅር ይለዋል። ይኸው ሰው ግን ቀልዱ ወደ ጐጃሜው፤ ወደ ጉራጌው፤ ወደ ኦሮሞው፤ ወደ ትግሬው ወይም ወደ ወላይታው ሲዞር ብዙ ጊዜ ቅሬታውን ይረሳዋል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የዘር ቀልድ የሚኖረው በተናጋሪው ብርታት አይደለም፤ ተራው የእኔ አይደለም ብሎ በሚሥቀው ሰሚ ነው።

በመጀመሪያ፤ ራዲዮ ነገሩን ለምን እንደሚያከብደው እንመልከት። ቡና ተፈልቶ ጐረቤቱን የሚተርብ ሰው መልሱን እዚያው ይቀበላል። የተተረበውም ይሥቃል፤ ወይም ይተርባል፤ ወይም ይቆጣል። ገላጋይም አለ። በራዲዮ ግን ተናጋሪው አንድ ነው፤ ሰሚው እልፍ ነው፤ የሚተረበውም በቦታው የለም። ደግሞም በራዲዮ ፊት አይታይም። ስለዚህ አነጋገር የሰው ፊት ይሆናል። አንድ ቀልደኛ የአንድን አካባቢ ሰው ሞኝ ለማድረግ ሲፈልግ የሚያስፈልገው የዚያን ሰው አማርኛ ማሰባበር ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ አማርኛን እያሰባበረ ይናገራል የሚባለው ሰው ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነው። የሚሥቅበት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ነው። ቀልዱ ሰምሮለት ካደረ፤ በማግሥቱ በትምህርት ቤት እጁን አውጥቶ ለመናገር የሚያፍር ልጅ አለ።

ይህ በሽታ በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። ስለዚህ ሌላው ሕዝብ ምን መልስ እንደ ሰጠ መመልከት ይጠቅመናል።

በአሜሪካ በ1928 እ.ኤ.አ. ከቺካጎ ከተማ «ኤሞስና አንዲ» የሚባል የራዲዮ ፕሮግራም ተጀመረ። ሁለት ነጮች የጥቁሮችን አነጋገር እያስመሰሉ የሚቀልዱበት ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብም ያዳምጠው ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. «ፒትስበርግ ኩሪየር» የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ፕሮግራሙ ከአየር እንዲወርድ አንድ ሚሊዮን ፊርማ ለመሰብሰብ ዘመቻ ከፈተ። በዚያው ዓመት ግን ሌላው የጥቁሮች ጋዜጣ፤ የቺካጎው «ዲፌንደር»፤ እነዚያኑ ተዋንያን በበዓሉ ላይ በእንግድነት ተቀበላቸው። ፕሮግራሙ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ከዚህ የምንማረው፤ የተነካው ሕዝብ ራሱ በአንድ ቃል ላይናገር እንደሚችል ነው። እንግዲህ «እነርሱም እኮ ይሥቃሉ» የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። የሚሥቀው ሁሉ ወዶ ይሥቃል ማለት ግን አይደለም፤ በሰው ቤት የተቀመጠ እንግዳ ጌታው ሲሥቅ አብሮ ይሥቃልና።

ሁለተኛው መልስ የገንዘብ መልስ ነው። በኤፕሪል 2007 እ.ኤ.አ. ዶን አይመስ የተባለ፤ ባለ ሥልጣኖችና ጋዜጠኞች በእንግድነት የሚቀርቡለት ታዋቂ አሜሪካዊ የራዲዮ ሰው፤ ለዋንጫ ደርሰው ስለ ተሸነፉት የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ሲያወራ፤ የጥቁር ሴቶችን ጠጉር እያነሣ የሴትኛ አዳሪ ስም ሰጣቸው። ልጃገረዶቹ እንደ እናንተው ተማሪዎች ነበሩ። ሕዝቡ ተቆጣ። ድርጅቱ መጀመሪያ የሁለት ሳምንት እገዳ ወሰነበት። ተጫዋቾቹ ከአሠልጣኛቸው ጋራ በሕዝብ ፊት ቀርበው ተናገሩ። ታላላቅ ኩባንያዎችም ማስታወቂያቸውን ማንሣት ጀመሩ፤ ቃሉ በተነገረ በስምንተኛው ቀን ሰውዬው ከሥራው ተሰናበተ። ፈጣን ፍርድ ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በሌላ ጣቢያ ተመልሶ ማይክሮፎኑን ያዘ። ገንዘብ የሄደበትን መንገድ ያውቃል፤ ሰሚ እስካለ ድረስ ይመለሳል።

ሦስተኛው መልስ የሕግ መልስ ነው። የዚህ መራራ ምሳሌ ሩዋንዳ ናት። በጁላይ 1993 እ.ኤ.አ. የተከፈተው «አር ቲ ኤል ኤም» የተባለው ጣቢያ ሕዝቡ የወደደው በጥሩ ሙዚቃውና በጨዋታው ነበር። እንደ መንግሥት ራዲዮ ደረቅ አልነበረም፤ ተናጋሪዎቹ እንደ ሰፈር ልጅ ይቀልዱ ነበር። ያው የለመደ አፍ ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ይጠራ ነበር። በኤፕሪል 1994 እ.ኤ.አ. እልቂቱ ተጀመረ፤ በመቶ ቀን ገደማ ውስጥም 800 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። በአሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በጣቢያው መሥራቾች ላይ የፈረደው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ፍርዱ አስፈላጊ ነበር፤ ሙታንን ግን አላስነሣም። እያንዳንዱ ቀልድ ወደ እልቂት ይደርሳል አልልም፤ እንዲህ ያለው ማጋነን ነው። የምለው፤ ሰውን ሰው አይደለም ለማለት የሚፈልግ አፍ ሕዝቡን በሣቅ ማለማመድ ይችላል ነው።

በእኛም አገር ሕግ አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፤ ብረት የሚሠራውን፤ ሸማ የሚሠራውን፤ ነጋዴውንና አራሹን በሥራው እየጠሩ መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚሁ በእኛ ደጋ ግን የምናርስበትን ማረሻ የሚቀጠቅጠው፤ የምንበላበትን ሸክላ የምትሠራው፤ የምንለብሰውን የሚሸምነው ሰው «ቡዳ» መባሉና በጨዋታ መካከል መሣቂያ መሆኑ ጨርሶ አልቀረም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ ጥፋተኛውን እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ እሥራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ይኸው አዋጅ የኪነ ጥበብ ሥራን በልዩ ሁኔታ ይመለከተዋል። ቀልድ የት ድረስ ኪነ ጥበብ፤ ከየት ጀምሮ ጥላቻ እንደሚሆን ዳኛው ይለካ ማለት ነው። ልኩ ቀላል አይደለም። ደግሞም መስደብን የሚከለክል በትር ባለ ሥልጣንን የሚነቅፈውን እንዳይመታ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ምክንያቱም ቀልድ ራሱ ጠላታችን አይደለም። አለቃ ገብረ ሐና እስከ ዛሬ በሕዝብ አፍ የሚኖሩት ቀልዳቸው መኳንንቱን ሳይቀር ስለሚነካ ነው። ደካማ ሰው በኃይለኛው ላይ የሚሰነዝረው ቀልድ መተንፈሻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ያለው መሣሪያ ያ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቀልድ ሲነገር ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። የተቀለደበት ሰው ሊለውጠው በሚችለው ሥራው ነው ወይስ በተወለደበት ዘር? መልስ ለመስጠት የሚችል ነው ወይስ የሌለ? ቀልዱ በሚነገርበት ቤት እርሱ ቢኖር ኖሮ በዚያው ድምፅ ይነገር ነበር ወይ? ሚኒስትሩ በሠራው ስሕተት ቢሣቅበት የሚገባው ነው። በእናቱ ቋንቋ ቢሣቅበት ግን በእናቱ ላይ ነው የተሣቀው፤ ያችን ቋንቋ ከሚናገር እረኛ ሁሉ ላይም ጭምር።

ምን እናድርግ? ታላቅ ነገር አላቀርብም፤ በአቅማችን ያለውን ብቻ ላሳስብ።

አንደኛ፤ በተማሪዎች ምሽት ላይ በምናቀርባቸው ተውኔቶችና ጭውውቶች የሰውን አነጋገር በማሰባበር ሣቅ ማግኘት ይቅር። ደራሲዎቻችን ከዚህ የተሻለ ቀልድ የመጻፍ ችሎታ አላቸው።

ሁለተኛ፤ የፖለቲካ ውይይት የሚያሰማ ራዲዮ የዘር ቀልድ ሲያቀርብ ስልክ እንደውል፤ ደብዳቤም እንጻፍ። ነገር ግን የራስ ወገን ሲነካ ብቻ ሳይሆን፤ የሌላው ሲነካ አስቀድመን። መንዜው ስለ መንዝ ቢቆጣ ማንም «የተነካው ስለሆነ ነው» ይላል። መንዜው ስለ ወላይታው፤ የወላይታው ልጅ ስለ መንዜው ቢቆጣ ግን ጣቢያው የሚመልሰው ነገር ያጣል። የእኛ ቁጣ እስከ ዛሬ ጉልበት ያጣው በየወገኑ ተከፋፍሎ ስለሚነሣ ነው፤ ያ ደግሞ ራሱ ለሚቀጥለው ቀልደኛ ማገዶ ይሆነዋል።

ሦስተኛ፤ ከእሥር በፊት መልስ እንጠይቅ። የተሰደበው በዚያው ማይክሮፎን፤ በዚያው ሰዓት፤ በራሱ ድምፅ ይናገር። የራትገርስ ልጃገረዶች ከኩባንያዎቹ ይልቅ የሚታወሱት በግልጽ ቀርበው ሰው መሆናቸውን ስላሳዩ ነው።

አባቶቻችን «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ፤ ደግሞም «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። ሁለቱም የተነገሩት ለተናጋሪ ነው። ስለ ሰሚው ግን ገና ብዙ አልተነገረም። ነገ ወደየዩኒቨርሲቲያችን ስንበተን፤ ከሰማንያ የሚበልጥ ብሔረሰብ ልጆች በአንድ ግቢ፤ አንዳንዴም በአንድ መኝታ ክፍል እንኖራለን። እዚያ አንድ ሰው ራዲዮ የሰማውን ቀልድ ሲደግም፤ አለመሣቅ ሕግም ገንዘብም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥቂት ድፍረት ነው፤ ሣቁ ሲቆም የሚመጣውን ዝምታ ለመቻል የሚበቃ ያህል።

ይህን ሐሳብ በውይይቱ ጊዜ እንድትተቹትና እንድታሟሉት እጠይቃለሁ።