ስለ ሰፈራችን ካርታ እገዳና ስለ መፈታቱ
(ለማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)



በቅድሚያ የእሑድ ጉዳያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ኮሚቴው ምስጋናውን ያቀርባል። የዛሬው ንግግራችን ስለ መዋጮ አይደለም፤ አትደንግጡ። የሰፈራችን ካርታ ለምን እንደታገደ፣ እንዴት እንደተፈታና ጥፋቱ የማን እንደነበረ ለመግለጽ ነው። በየቡናው ብዙ ስለተወራ ከኛው አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብለናል።

እንደሚታወቀው በሰፈራችን ቤት የሚፈለገው «ከወፍጮ ቤቱ ገባ ብለህ፣ ከባሕር ዛፉ በስተግራ» እየተባለ ነው። ይህ ለኛ ይበቃል፤ ለእንግዳ ግን አይበቃም። ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን ምጥ ይዟት አምቡላንስ ሲጠራ፣ ሾፌሩ የስልኩን ካርታ ተከትሎ ከግንብ አጥር ጋር ተፋጠጠ። ወጣቶቻችን ሮጠው ባይመሩት ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ካርታውን እናስተካክል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለው ካርታ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር ስቲቭ ኮስት በሚባል ሰው የተጀመረ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በኢንተርኔት የሚሠሩት ነው። እንደ ደቦ ቁጠሩት። ማንም በነጻ ተመዝግቦ የሚያውቀውን መንገድ፣ ድልድይና ጤና ጣቢያ ያስገባል፤ የሌላውንም ስሕተት ያርማል። እ.ኤ.አ. በ2010 በሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ በሩቅ አገር ሆነው ከሳተላይት ፎቶ የፖርቶ ፕረንስን መንገዶች እየሣሉ የእርዳታ ሠራተኞችን የረዱት እነዚሁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ደቦ ግን ሥርዓት አለው። የዚህኛው ዋና ሥርዓት በዓይንህ ያየኸውን ወይም ባለቤቱ የፈቀደልህን ብቻ አስገባ፣ ከሌላ ድርጅት ካርታ አትገልብጥ የሚል ነው። ካርታው ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበት የተፈቀደ ስለሆነ፣ ፈቃድ ያልተገኘለት የሌላ ሰው ንብረት ከተቀላቀለበት የሁሉም ድካም አደጋ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ እኛ የሠራነውን ስሙ። ልጃችን ስልኩን ይዞ በእግሩ እየዞረ ቅያሶቹንና ወደ ወንዙ ድልድይ የሚወስደውን የእግር መንገድ መሣል ጀመረ። በዚህ መካከል የዓመቱ ሪፖርት ደረሰና «የሱቆቹና የቅያሶቹ ስም በሳምንት ውስጥ ይለቅ» አልነው። ዞሬ ለመጠየቅ አንድ ወር ይፈጅብኛል አለ። እኛም «እዚያኛው ካርታ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? ገልብጠው» አልን። ይህ በቃለ ጉባኤ አልሰፈረም፤ ከአፋችን ግን ወጥቷል።

ልጁ በሁለት ሌሊት ገለበጠው። ከተገለበጠው ውስጥ ከተዘጋ ዓመታት ያለፉት ዳቦ ቤት ከነስሙ ነበረበት! ሥራውን የተመለከተ አንድ በጎ ፈቃደኛ «እነዚህን ስሞች ከየት አገኘሃቸው?» ብሎ በጽሑፍ ጠየቀ። ደግሞም ጠየቀ። ልጁ ሲያሳየን «ፈረንጅ ምን አገባው» ብለን አሳለፍነው። በኋላ እገዳ መጣ። እገዳ የሚሰጡት በካርታው ፋውንዴሽን ሥር ያሉ፣ የመረጃ ሥራ ቡድን የሚባሉ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ካርታውን ማየት አይከለከልም፤ የሚከለከለው ማረም ነው። የተገለበጠውም ተሰረዘ። በእግር የተሠራው የድልድዩ መንገድ ከተገለበጠው ጋር አንድ ላይ ተልኮ ስለነበር አብሮ ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ልጁ «ሌባ» ተባለ። እናቱ ዕቁብ ላይ ቀና ብላ መቀመጥ አቃታት። እኛ ኮሚቴዎቹ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አልን።

ምክር ሰጪው ብዙ ነበር። አንዱ «በሌላ ስም ይመዝገብና ይቀጥል» አለ። ሌላው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር! ይቅርብን» አለ። ሽማግሌ እንላክ ያለም ነበር፤ ወዴት እንደሚላክ ግን አልነገረንም። በሌላ ስም መግባቱን እንቢ ያለው ልጁ ራሱ ነው። ሲደረስበት እገዳው ይብስብናል፣ ደግሞም ውሸት ነው አለን። በዚህ ከኛ በልጧል።

መንገዱ ቀላል ነበር። አንደኛ፣ ወደ ካርታው ገብቶ የእገዳውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። እንዲህ ያለው እገዳ ቀኑ ቢያልቅ እንኳ ባለቤቱ ገብቶ ካላነበበው አይነሣም። እንግሊዝኛው ስለከበደን አንዲት የጎረቤት ልጅ አነበበችልን። ስድብ የለበትም። ያው ያልመለስነው ጥያቄ ነበር።

ሁለተኛ፣ እገዳውን ለጻፈው ሰው በዚያው መልእክት መላኪያ መልስ መስጠት ነው። ገልብጠናል፣ ያዘዝነውም እኛ ኮሚቴዎቹ ነን ብለን ጻፍን። እነሱ ያላዩዋቸው ቀደም ብለው የተገለበጡ ሁለት ቅያሶችም ነበሩ። እነዚህን እንንገር ወይስ እንተው ብለን ተከራከርን። በመጨረሻ ነገርናቸው፤ እነሱም ተሰረዙ።

ሦስተኛ፣ ቀኑን በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ቀኑ ሲደርስ ተፈታ። መታገዳችን ግን በስሙ ሥር ተመዝግቦ ለማንም ይታያል፤ አይፋቅም። ይህ ጠባሳ የልጁ ብቻ መሆኑ እኛን ሊያሳፍረን ይገባል።

ከዚያ በኋላ ሁለት እሑድ ደብተር ይዘን በእግራችን ዞርን። የቅያሶቹን ስም የነገሩን እናቶቻችን ናቸው። ሁለት ስም ባለው ቅያስ ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ካርታው ለሁለተኛ ስም ቦታ ስላለው ሁለቱም በአማርኛ ፊደል ገቡ። የድልድዩም መንገድ ተመልሷል። ዳቦ ቤቱ ብቻ አልተመለሰም!

ስለሆነም ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል። ከማንም ካርታ አይገለበጥም። በእግር የተሠራው ለብቻው፣ በጥቂት በጥቂቱ ይላካል፤ ከየት እንደተገኘም አብሮ ይጻፋል። ጥያቄ ሲመጣ ሳያድር ይመለሳል። የነዋሪ ስም በቤቱ ላይ አይጻፍም።

በመጨረሻም፣ ልጃችንንና እናቱን በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን። ሌባ ተብሎ የተነገረው ቃል በእሱ ላይ ሊወድቅ አይገባውም ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የቸኮልነው እኛ ስንሆን ሲለቅም የከረመው እሱ ነው።

የታችኛው ሰፈር ገና አልተዞረም። በሚመጣው እሑድ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ በማኅበሩ አዳራሽ በር ላይ እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን። በዚህ ጊዜ ኮሚቴው ከፊት ይሄዳል።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት