ሥዕልም ይነበባል

ፊደል ለይታችሁ ጋዜጣ ለመያዝ በቅታችኋል። ዛሬ ደግሞ ሥዕሉን እናንብብ። ሥዕልም ይነበባል እኮ!

በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢቢሲ ኮረም ላይ የተሰበሰቡትን በረሃብ የተጎዱ ወገኖቻችንን በቴሌቪዥን አሳየ። ፊልሙን ያነሣው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ዓለም አይቶ ደነገጠ፤ እህልና መድኃኒት ላከ። የብዙ ሰው ነፍስ ተረፈ፤ ይህ አይካድም።

ታዲያ ፊልሙ ያላሳየው ምንድን ነው? እርዳታ ሲጠብቅ የታየው ገበሬ ከዚያ በፊት በሬውን ጠምዶ የሚያርስ፣ እንግዳ የሚቀበል ባለቤት ነበር። ዝናቡ ቀረ፤ ጦርነቱም ነበር። በሬውን ሸጠ፤ ለዘር ያስቀመጠውን በላ። ኮረም የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በውጭ አገር ግን ብዙ ሰው «ኢትዮጵያዊ» ሲባል ረሃብተኛ ብቻ ይታየው ጀመር። አሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ሳይቀር ይቀለድባቸው ነበር። ልጁ ምን አደረገ?

እኛስ ብንሆን? ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው በጋዜጣ ሲወጡ እንዴት ሆነው ነው?

እስቲ ዛሬ ማታ አንድ ጋዜጣ አንሡ። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ስሙ ተጽፏል? እሱ ራሱ ተናግሯል ወይስ ሌላ ሰው ተናገረለት? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።