አገልጋይ እንዲሰጠን ስንጸልይ
(በአፉላ ለአዲስ መጪ ቤተሰቦች በተጠራ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)





ዛሬ የምነግራችሁ ሁላችንም ስለምንጸልየው አንድ ጸሎት ነው። በቁፓት ሆሊም ወረፋ ይዘን ስንቀመጥ፣ ወይም ከቢቱዋሕ ለኡሚ የመጣውን ደብዳቤ ማን ያንብብልን ስንል፣ «አምላኬ ሆይ፣ የሚረዳኝ ሰው ላክልኝ» እንላለን። ጸሎቱ መልካም ነው። ግን የሚላከው ሰው ከየት ይመጣል ብለን ነው የምንጠብቀው?

በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስንመጣ ገና ልጅ ነበርሁ። ልጅ ቋንቋ ቶሎ ስለሚይዝ፣ ዓመት ሳይሞላ የቤታችን አስተርጓሚ ሆንሁ። አንድ ቀን እናቴን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ሐኪሙ ስለ ደም ግፊት መድኃኒት ብዙ ተናገረ። ግማሹ አልገባኝም፤ አልገባኝም ለማለት ግን አፈርሁ። «ሲያምሽ ዋጪው ብሏል» አልኋት። ሐኪሙ ያዘዘው ግን ባያማትም በየቀኑ እንድትውጥ ነበር። እርሷም ራሷን ሲያማት ብቻ እየዋጠች ወራት አለፉ። አንድ ሌሊት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ያ እጅ ከዚያ በኋላ እንጀራ ጋግሮ አያውቅም። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ «ልጅ ምን ያውቃል» ነው ያለችው። እኔ ግን አልረሳሁትም። ዛሬ እዚህ ፊታችሁ የቆምሁትም ስለዚህ ነው።

በኦሪት እንደምናውቀው፣ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አየው። እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ነገረው። የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። ዮቶር የምድያም ካህን ነበር፤ ምክሩ ከውጭ መጣ። አለቆቹ ግን ከሕዝቡ መካከል ተመረጡ።

የእኛም ታሪክ እንዲሁ ነው። ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ አገራችን ሲመጡ፣ ከወጣቶቻችን እየመረጡ በውጭ አገር ማስተማር ጀመሩ። ከእነዚያ አንዱ ታምራት አማኑኤል ተመልሰው በአዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት መሩ። በ1955ና በ1956 ደግሞ 27 ልጆች በሁለት ዙር ወደ እስራኤል መጥተው በክፋር ባትያ ተማሩ። ዓላማው ተመልሰው ወገናቸውን እንዲያስተምሩ ነበር፤ ተመልሰውም ያስተማሩ አሉ። በ1998 የተጀመረው «ረፉአ ሽሌማ» የተባለው ፕሮግራም ደግሞ የራሳችንን ሰዎች እያሠለጠነ በክሊኒኮች በሐኪሙና በበሽተኛው መካከል አገናኝ እንዲሆኑ አደረገ።

በኢትዮጵያ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ችግረኛን የሚያገለግል ሰው እንዲበዛ ይጸልያሉ። ወይዘሮ አበበች ጎበናን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋቸዋላችሁ። በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ሲሄዱ ረሀብ የጣለውን ሕዝብ አዩ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ቤተሰብ ቢቃወማቸውም ልጆቹን አልተዉም። ከዚያ ጅምር ትልቅ የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋቋመ። በ2021 ሲያርፉ እናቴ እያለ ያለቀሰላቸው ብዙ ነበር። ሊጸልዩ ሄደው የሌላ ሰው ጸሎት መልስ ሆነው ተመለሱ።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ዕብራይስጥ የምታውቁ ነባሮች፤ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ስጡ። አንድ ሽማግሌ ወደ ክሊኒክ ወይም ወደ ኤሜክ ሆስፒታል ሲሄዱ አብራችሁ ሂዱ።

ወላጆች፤ ልጃችሁን የሕመማችሁ አስተርጓሚ አታድርጉ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት ለበሽተኛው የትርጉም አገልግሎት እንዲያመቻቹ አዝዟል። ስለዚህ አስተርጓሚ ይምጣልኝ ማለት ልመና አይደለም። ልጃችሁ ነርስ፣ መምህር ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ልሁን ሲላችሁም «ምን ይጠቅምሃል» አትበሉት፤ መርቁት።

አዲስ የመጣችሁ ደግሞ ተቀባይ ብቻ ነን ብላችሁ አታስቡ። በጎንደርና በአዲስ አበባ ያን ሁሉ ዓመት ስትጠብቁ ልቅሶ ደርሳችኋል፤ አራስ ጠይቃችኋል፤ ያላችሁን ተካፍላችሁ በልታችኋል። ይህን ማንም ኡልፓን አያስተምርም። ብቻቸውን ከሚኖሩ አሮጊት ጋር ቁጭ ብሎ ቡና ለመጠጣት ዕብራይስጥ አያስፈልግም።

የሚያገለግል ሰው ግን የሚጠብቃቸው ነገሮች አሉ። የሰማውን ምስጢር ወደ ጎረቤት አያውጣ። ሲተረጉም አይጨምር፣ አይቀንስ። ካልገባው «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ይበል፤ ይህን አንድ ቃል በልጅነቴ ደፍሬ ብናገር ኖሮ እናቴ ዛሬ በሁለት እጇ ትሠራ ነበር። ስለ እርዳታው ዋጋ አይጠይቅ፤ ገንዘብም ቢሆን፣ ውለታም ቢሆን፣ «ሃይማኖቴን ተከተል» ማለትም ቢሆን።

ዛሬ ማታ «ሰው ላክልን» ብላችሁ ስትጸልዩ፣ ከቤታችሁ ማን ሊላክ እንደሚችል አብራችሁ አስቡ። በሩ አጠገብ መዝገብ ተቀምጧል። ስማችሁን፣ የምትችሉትን ቋንቋና የሚመቻችሁን ቀን ጻፉበት። መጻፍ የማይችል ካለ እኔ እጽፍለታለሁ።

እግዚአብሔር ይርዳን።