ለሐዘን እንደምንሰበሰበው ለሕመምም እንሰብሰብ

(በመረዳጃ ዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ መደጋገፊያ ቡድኖች የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



በቅድሚያ ይህ ጉዳይ በዛሬው አጀንዳ ውስጥ እንዲገባ ለፈቀደው የሥራ አመራር ኮሚቴ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሩ የሚነሳው ጥያቄ ብዙ መሆኑን ስለማውቅ ንግግሬን አላስረዝምም።

ሰው ሲሞትብን ዕድራችን ምን እንደሚያደርግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። ሐዘንተኛው ለብቻው አያድርም፤ አልበላም ቢል እንኳ በግድ ያጎርሱታል። ይህን ሥርዓት ከውጭ መጥቶ ያስተማረን የለም፣ የራሳችን ነው። ነገር ግን እዚሁ ሠፈራችን ውስጥ ልጃቸው፣ እህታቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው በአእምሮ ሕመም ተይዞባቸው አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት የሚያስታምሙ ቤተሰቦች አሉ። ለነሱ ማን ጥሩምባ ነፋ? ጎረቤት «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ያልፋል እንጂ «ልጁስ እንዴት ነው?» አይልም። ይሉኝታ ነው፤ ክፋት አይደለም። የሚጠይቅ ቢገኝም በር ላይ «ተመስገን፣ አሁን ደህና ነው» ተብሎ ይሸኛል። ከውስጥ ግን እናቲቱ ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም።

የዛሬው ንግግሬ ስለ መድኃኒት አይደለም። መድኃኒቱ ከድሮው ይልቅ ቀርቦልናል። አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ከተቋቋመ በኋላ ለረጅም ዘመን ከአንኮበርም ሆነ ከመንዝ በሽተኛውን ይዞ የሚወርድ ሰው መንገዱ ወደዚያው ብቻ ነበር። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ በከተማችን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ዩኒቨርሲቲያችንም በአሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ የዚሁ ሙያ ትምህርት ክፍል አለው። ታዲያ ቀጠሮ ምን ያህል ጊዜ ነው? በወር አንድ ቀን፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። የቀሩት ሃያ ዘጠኙ ቀናት የቤተሰቡ ናቸው። መድኃኒቱን «አልውጥም» ያለውን መለመን፣ «ሰዎች ይከታተሉኛል» የሚለውን ማረጋጋት፣ ሥራ መፈለግ፣ ጠብ ማብረድ፣ ይህ ሁሉ በነዚያ ቀናት ውስጥ ነው። እኔ ስለነዚያ ቀናት ነው የምናገረው።

ይህንን ነገር በአገራችን በጥሞና የሞከሩት ሰዎች አሉ። በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ ሕመም ያለባቸው 166 ሰዎች ከ48 ንዑስ ቀበሌዎች ተመርጠው፣ ከፊሎቹ በጤና ጣቢያ ብቻ ሲታከሙ ከፊሎቹ ደግሞ ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ ሐኪሞች ያልሆኑ፣ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ እንዲረዷቸው ተደረገ። ቤተሰቦች እየተሰበሰቡ የሚነጋገሩበት ቡድንም የሥራው አንዱ ክፍል ነበር። ዓመት ሲሞላ የቤት ለቤት ርዳታ ያገኙት በዕለት ኑሯቸው የተሻለ አቅም ነበራቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ሶዶ ገበሬ ያለበት አገር ነው፤ ከአንኮበር ገደል ከእኛም ሜዳ የሚለየው ነገር ብዙ አይደለም። እዚያ የሆነ ነገር እዚህ አይሆንም የሚል ካለ ምክንያቱን ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ከኛ አገር ወጣ ብለን ደግሞ ዩጋንዳን እንይ። ማሳካና ራካይ በተባሉ አውራጃዎች ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው ጨርሶ ነበር። ያዘነው፣ የተከዘው ብዙ ሆነ፤ ሐኪም ግን የለም። በሠላሳ መንደሮች ጥናት ተደረገ። በግማሾቹ መንደሮች ድባቴ የያዛቸው ሰዎች፣ ወንዶች ለብቻ ሴቶች ለብቻ ሆነው፣ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ ለ16 ሳምንት ተሰበሰቡ። ቡድኑን የመሩት ሐኪሞች አልነበሩም፤ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ውጤት ላይ እንደተገለጸው፣ ቡድን በገባባቸው መንደሮች ከተሳታፊዎቹ 86 ከመቶ የሚሆኑት ድባቴ ነበረባቸው፤ መጨረሻ ላይ ይህ ቁጥር ወደ 6.5 ከመቶ ወረደ። ቡድን ባልገባባቸው መንደሮች ደግሞ ከ94 ወደ 54.7 ከመቶ ነው የወረደው። ጊዜም በራሱ መጠነኛ መድኃኒት ነው ማለት ነው። ቡድኑ ግን ከጊዜ እጅግ በልጦ ተገኘ።

ምን እያወሩ ነው የዳኑት? ብትሉ፣ ይህ የቡድን ሕክምና አራት ነገሮችን ይዞ ነው የሚነሳው። አንደኛው ሐዘን ነው፣ የሞተ ሰው ሐዘን። ሁለተኛው ጠብ፣ ከባል፣ ከሚስት፣ ከልጅ ወይም ከጎረቤት ጋር ያለ የማይበርድ ክርክር። ሦስተኛው የኑሮ መለወጥ፣ አራተኛው ብቸኝነት ነው። እያንዳንዱ ሰው የኔ ጭንቀት ከየትኛው መጣ ብሎ ይለያል፤ ሌሎቹም ምን ቢያደርግ እንደሚሻለው አብረው ይመክራሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «እንዴት ሆነልህ?» ብለው ይጠይቁታል። እስቲ ይህን ወደኛ አምጡት። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ ሲደርስ፣ ከወለጋም ከሌላም ሥፍራ ተፈናቅሎ ወደ ከተማችን የገባው ሕዝብ ሲበዛ፣ ሐዘኑም የኑሮው መለወጥም ብቸኝነቱም በአንድ ሰው ላይ ተደራረበ። ሰባት ጥማድ መሬት ያርስ የነበረ ገበሬ እዚህ ብርዱ ላይ የቀን ሥራ ፍለጋ ሲቆም፣ እሱ የታመመው ከምኑ ነው ትላላችሁ? ከመካከላቸው በሠፈራችን ቤት ተከራይተው የሚኖሩ አሉ። ዕድር የላቸውም። ይህንን ኮሚቴው ለብቻው ቢያየው ይበጃል፤ ለዛሬ በዚሁ አልፈዋለሁ።

የዚምባብዌንም ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እዚያ የሠሩት አያቶች ናቸው። ምባሬ በተባለ የሐራሬ ሠፈር፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ፣ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም የሠፈሩን አሮጊቶች አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያው ደጅ፣ ዛፍ ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የተጨነቀ ሰው እየመጣ ከነሱ ጋር ይነጋገራል። በነሱ ቋንቋ የሕመሙ ስም «አብዝቶ ማሰብ» ማለት ነው፤ እኛ «ሐሳብ በዛብኝ» የምንለው መሆኑ ነው። ለብቻው የሚደረገው ንግግር ሲያበቃ ሴቶቹ ወደ ቡድን ይገባሉ፣ ከላስቲክ ቦርሳ እየሠሩ እያወሩ ይቀመጣሉ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍም ይፈታል፤ ይህን ጥጥ ፈትላችሁ ያደጋችሁ እናቶች ከኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የሚፈለገው ቡድን ሁለት ዓይነት ነው፣ ባይቀላቀል ጥሩ ነው። አንዱ የቡድን ሕክምና ነው፦ የሠለጠነ ሰው ይመራዋል፣ ሳምንቱ የተቆጠረ ነው፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ሁለተኛው የመደጋገፊያ ቡድን ነው፦ በሽተኞቹ ራሳቸው ወይም አስታማሚዎቻቸው የሚያቆሙት፣ እንደ ጽዋ ማኅበር የሚቀጥል። የመጀመሪያውን የምትጠይቁት ከሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። በቀጠሮ ቀን መድኃኒቱን ተቀብላችሁ ውልቅ አትበሉ። «በቡድን የሚሰጥ የንግግር ሕክምና አላችሁ ወይ? ለአስታማሚዎችስ የሚደረግ ስብሰባ አለ ወይ? ሌሎች ቤተሰቦች ቢጠይቁ የኔን ስም ልትነግሯቸው ትችላላችሁ?» ብላችሁ ነርሱን ጠይቁ። ሦስተኛዋ ጥያቄ ትልቅ ናት። ነርሱ የማንንም ስም ያለ ፈቃዱ ሊነግራችሁ አይችልም፤ እናንተ ስትፈቅዱ ግን እንደናንተው የሚፈልገውን ሰው ወደናንተ ሊልከው ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ጠይቁ፣ የቤታችንን ጓዳ የምታውቅ እሷ ነች። አዲስ አበባ ለሕክምና የምትሄዱ ደግሞ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር የሚባል፣ ሕመሙን በራሳቸው ያዩ ሰዎች የቆሙበት ማኅበር አለና አድራሻውን ከአማኑኤል ብትጠይቁ መልካም ነው።

ቡድን ካለ ግቡ። ከሌለ እናቁም። ለዚህ እኮ ምሳሌ አለን። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ ያለበት ሰው ከቤት በሚባረርበት ዘመን፣ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ፣ መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት ቫይረሱ በደማቸው ባለ ሰዎች ተቋቋሙ። «እኔም አለብኝ» ብሎ ፊቱን ያሳየ ሰው የስንቱን ቤት በር አስከፈተ! ኋላም በየጤና ጣቢያው እናት እናትን የምትመክርበት ቡድን ተለመደ። በአእምሮ ሕመም በኩል ግን ገና በር ዘግተን ነው ያለነው።

ሲቆም ግን ጥንቃቄ አለው። ከሁሉ በፊት ምሥጢር ነው። ደብረ ብርሃን ትንሽ ከተማ ናት፤ ማታ የተባለ ነገር ጠዋት ገበያ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ከወጣ ሁለተኛ የሚመጣ የለም። ስለዚህ ያወጣ ይውጣ፣ ይቅርታም ቢጠይቅ ወደዚያ ቡድን ባይመለስ እላለሁ። ከባድ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔ ግን በዚህ አልደራደርም። ቀጥሎ ፍርድ የለም። በሽተኛውን በሰንሰለት ያሰረ ቤተሰብ ቢመጣ «አረመኔ» አይባልም፤ መጥቶ መናገሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰንሰለቱ ተፈትቶ ሆስፒታል የሚደርስበት መንገድ አብሮ ይፈለግለታል። ቡድኑም ዕቁብ አይሁን። ገንዘብ ከገባ ያጣው ሰው ይቀራል፣ በጣም የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው።

ስለ ጠበልም ይጠየቃል። እኛ በሸንኮራ ዮሐንስና በጻድቃኔ ማርያም አገር ሆነን ይህንን ሳናነሳ ብንቀር ማን ያምነናል? ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ። ነገር ግን መድኃኒቱን አቋርጦ አይሁን፤ ሕመሙ የሚያገረሸው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። ለኤች አይ ቪ በሽተኞች ይህ ጥያቄ በተነሳ ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ተናግረዋል። የንስሐ አባቶቻችንም ይህንን ቢያስታውሱልን ብዙ ቤት ይድናል።

አረቄን በተመለከተ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚያወጡትም የሚጠጡትም ስላሉ በጥንቃቄ ነው የምናገረው። መጠጥ ላስቸገረው ሰው የቡድን መደጋገፍ ጥንታዊ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ አክሮን በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1935 ሁለት ጠጪዎች ተገናኝተው የጀመሩት ማኅበር ዛሬ በዓለም ተሰራጭቷል። ሆኖም ብዙ ዓመት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም መንቀጥቀጥና መንፈራገጥ ሊያመጣበት፣ ሊገድለውም ይችላል። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ቡድን። እንዲሁም ራሱን ሊያጠፋ የሚናገር ሰው ካለ የቡድን ቀን አይጠበቅም፤ ለብቻው ሳይተው በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ታክሲ ቢጠፋ ዕድሩ መኪና ይፈልግ፤ ለቀብር አንፈልግም ወይ?

የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። ዕድራችን አዳራሹን በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከስምንት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል፣ ለአስታማሚ ቤተሰቦች በነፃ ይፍቀድ። የቡናና የስኳር ወጪ ከመዋጮው ይሸፈን። ከሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አንድ ባለሙያ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ስብሰባዎች እንዲገኝልን ኮሚቴው በደብዳቤ ይጠይቅ። ከጎረቤላና ከሌላው የአንኮበር ወረዳ ወደ ሆስፒታል ለሚመላለሱ፣ ቅዳሜ የማይመቻቸው ስለሆነ፣ የቀጠሮ ቀናቸውን ተከትሎ ሌላ ሰዓት ይታሰብ። ከሰባትና ስምንት ሰው በላይ ባይሆን ይሻላል፤ ከበዛ ለሁለት ይከፈላል።

ስም በአደባባይ አይመዘገብም። የሚፈልግ ሰው ለዕድሩ ጸሐፊ ወይም ለሴቶች ተጠሪዋ በጆሮ ይንገር። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ቀኑና ሰዓቱ ብቻ ነው፤ በአዳራሹ በር ላይም «የቡና ሰዓት» ከሚለው በቀር ሌላ ጽሑፍ አይኖርም። ድምፅ ይሰጥበት ዘንድ ለሰብሳቢው አቅርቤአለሁ።