ማማሰያና ጎራዴ

(አንዲት የአራት ልጆች እናት ለወላጆች በተዘጋጀ የውይይት መድረክ ላይ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ)



ስለ ወንዶች ልጆች አስተዳደግ እንድናገር አሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። አንዲት ሴትና ሦስት ወንዶች ልጆች ላሳደገች እናት፣ ማንም ሳያቋርጣት አሥራ አምስት ደቂቃ መናገር ከክብርም አልፎ ዕረፍት ነውና አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ።

የሰው ጠባይ ከተፈጥሮ ነው ወይስ ከአስተዳደግ? ጥያቄው የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ካስቀመጣቸው ወዲህ ሊቃውንት ሲከራከሩበት ኖረዋል። በእኛ ቤት ግን ክርክሩ አጭር ነው። ልጁ ደግ ነገር ሲሠራ የአባቱ ዘመዶች «የእኛ ደም ነው» ይላሉ፤ የጎረቤት መስኮት ሲሰብር «እናቱ ምን ብላ አሳደገችው?» ይባላል። እንግዲህ ተፈጥሮው ለአባት፣ አስተዳደጉ ለእናት ተከፋፍሏል ማለት ነው።

ለተፈጥሮ ወገን የሚገባውን ልስጥ። ወንዶች ልጆቼ መራመድ ከጀመሩ አንሥቶ ማማሰያዬ በቦታዋ ውላ አታውቅም። የመጀመሪያው ጎራዴ አደረጋት፤ ሁለተኛው ጠመንጃ፤ ሦስተኛው የገና ዱላ። ይህን ያስተማራቸው ሰው የለም። ወንድ ፅንስ ገና በማኅፀን ሳለ ቴስቶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን ከሴቷ አብልጦ እንደሚያመነጭም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ የልጆች መጫወቻ ለጦጣዎች ቢሰጥ ወንዶቹ ከሴቶቹ ይልቅ ወደ ኳሱና ወደ መኪናው እንዳዘነበሉ፣ ሴቶቹም ከወንዶቹ ይልቅ ወደ አሻንጉሊቷና ወደ ድስቱ እንደሄዱ አሳይቷል። እስከ መኪናው ድረስ ጸጥ ብዬ አነበብሁ። ድስቱ ላይ ስደርስ ግን ቆም አልሁ። ጦጣ ወጥ ስትሠራ ያየ ከመካከላችሁ ካለ እባካችሁ እጁን ያውጣ።

በሌላው ወገን ያለው ማስረጃም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመ ጥናት፣ በእንግሊዝ አገር እናቶች የማያውቁትን የስድስት ወር ሕፃን እንዲያጫውቱ ተደረገ። ሕፃኑ አንዴ እንደ ወንድ፣ አንዴ እንደ ሴት ለብሶ ይቀርብላቸው ነበር። ወንድ የመሰላቸው መዶሻውን፣ ሴት የመሰለቻቸው አሻንጉሊቷን አነሡለት። ሕፃኑ ያው ነው፤ የተለወጡት ልብሱና ስሙ ናቸው። እኛማ ልብስ እስኪቀየርም አንጠብቅም፤ በብዙ አካባቢ ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ስንል ልጆቹ ገና ዓይናቸውን አልገለጡም።

ደግሞስ «የሴት ሥራ» የምንለው የቱ ነው? ጥጥ መፍተል የሴት ነው እንላለን፤ ፈትሉ ሸማ ሊሆን ሲል ግን ወደ ወንዱ ሸማኔ ይሄዳል። ቁልፍ መትከል የሴት ሥራ ነው ያለኝ ልጄ ሸሚዙን ይዞ የሄደው ጢማቸውን ወዳሳደጉት የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። ሁለተኛው ወንድ ልጄ ዲያቆን ነው፤ በቤተ ልሔም ሊጥ ያቦካል፣ ይጋግራል። በቤት ግን ቡሖ ዕቃውን ሲያይ እንግዳ እንደመጣበት ሰው ገለል ይላል። ብጠይቀው «እማዬ፣ ያኛው ሌላ ነው» አለኝ። ቅድስናው ሌላ መሆኑን እኔም አምናለሁ። እጁ ግን ያው እጁ ነው።

ነገሩን ከቀልድ የሚያወጣው ሰዓት ነው። ሴት ልጄ የሁሉም ታላቅ ናት። የ12ኛ ክፍል ተማሪ በነበረችበት ዓመት ማታ ማታ ሳህን ማጠቡ፣ ሊጥ ማየቱ፣ ቤት ማስተካከሉ በትንሹ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስድ ነበር። ወንድሞቿ በዚያው ሰዓት ያጠናሉ፤ ወይም እናጠናለን ብለው ኳስ ያያሉ። በወረቀት ላይ ደመርሁት። በዓመት ከ540 ሰዓት በላይ ሆነ። ለአንድ ፈተና የሚቀርቡ ልጆች አንዷ ይህን ያህል ሰዓት ከኋላ ትነሣለች ማለት ነው። ወንድ ልጅ ወደ ሩጫና ወደ ትግል ያዘነብላል ቢሉኝ እሺ እላለሁ፤ ማማሰያዬ ምስክር ናት። ሳህን ማጠብ ግን ከዚህ ጋር ምን ዝምድና አለው? ለሳህን የሚሠራ ሆርሞን እስካሁን አልተገኘም።

ስለዚህ የሥራ ተራ ጽፌ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍሁ። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «ወንዱን ልጅ ማጀት ልታስገቢው ነው?» አሉኝ። «እማማ፣ ሲርበውማ ማንም ሳይጠራው ይገባል፤ መንገዱን ያውቀዋል» አልኋቸው። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያው ወንድ ልጄ ሽሮ ሠራ። «ጨው ጎድሎታል» አሉ፤ ከዚያም ሳህናቸውን ጠርገው መለሱ። ለሴት ልጄም ያቺ ሰዓት ተኩል ተመለሰችላት።

ስለ እንባም አንድ ነገር ልበል። የልጆቹ አያት ባረፉ ጊዜ ትንሹ ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። በድንኳኑ ውስጥ ሊያለቅስ ሲል አንድ አዛውንት «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ብለው አስቆሙት። ልጁም ዋጠው፤ ለሁለት ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። አዛውንቱ ይህን ሲሉ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። በሦስተኛው ቀን አማቴ ራሳቸው አቅፈው «አልቅስ፣ አያትህ እኮ ናቸው» ሲሉት ነው የወጣለት።

የመጀመሪያው ወንድ ልጄ ዛሬ ከቤት ርቆ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ከጓደኞቹም ጋር በተራ ያበስላል። ባለፈው ሰሞን ደውሎ «ሽሮው ጓጎለብኝ» ቢለኝ፣ አማቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው «ዱቄቱን አስቀድመህ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ እሳቱን ቀነስ አድርገው» እያሉ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስተማሩት። ያለቀው የስልክ ሂሳብ የእኔ ነበር።